የቬርነን ደብተር

በረዶው የጋራዡን በር እስከ እጀታው ሲቀብረው፣
ቬርነን ሰኔን ከመሳቢያ ያወጣል፣ ካለፈው ዓመት ካኖረው።
አረንጓዴ ደብተር ነው፣ ጠርዙ በዘይት የወዛ፣
አንድ ገጽ ለነፋስ፣ አንድ ለጥይት፣ አንድ ገጽ ለቀልድ ለዋዛ።
እዚህ ፒር ከተማ ብርድ እንዲህ ነው የሚገፋው፤
አንዷ ሹራብ ስትሠራ፣ አንዱ ሰኔን በልኩ ሲያሰፋው።

ስሙ የሜዳ ውሻ፤
ግብሩ የፍልፈል፣ መልኩ የሽኮኮ፣
ሲጮህ ደግሞ ወፍ ነው እኮ።
ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ይቆማል፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣
ዳኛ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ፣ ስንት ቀጠሮ ቆጥሮ።

ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፣ ጎማ ቀያሪ ነኝ እኔ፤
«መነጽር ትይዛለህ» አለኝ፣ «ትቀመጣለህ ከጎኔ።
ሣሩ ወዴት እንደተኛ ንገረኝ፤ ሣር በነፋስ አይዋሽም።»
ቀኝ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ ለሚስቱ ይሄን አይገልጽም።
አርሊስ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ቁልፉን ሰጠችኝ በቀጥታ፣
«አንተ ትነዳለህ» ብላ፣ እሱ ሶፋው ላይ ሲያንኮራፋ ማታ።

ባሩዱን በትንሽ ሚዛን፣ ትንፋሹን ውጦ ይመዝናል፣
ወርቅ አንጥረኛ ቢያየው እንኳ በእጁ እርጋታ ይቀናል።
አንዲት ፍሬ ብትተርፍ ይመልሳል፣ አንዲት ብትጎድል ይጨምራል፤
አምስት መቶ ሲሞላ፣ ከአንድ ብሎ እንደገና ይቆጥራል።
ከዚያ ዝርዝሩ፦
ውሃ፣ ጥላ፣ የጉልበት ቅባት፣ ለእባብ ረጅም ቦት ጫማ፣
ደረቅ ሳንድዊች (ሰናፍጭ ይኑረው ብዬ ነበር፤ ማን ሊሰማ!)፣
ለወይዘሮ ክናፕ የፍራፍሬ ኬክ፤ መሬቱ የሷ ነውና፣
አምና ፈረሷ ከጉድጓዱ እግሩን ሰብሮ ቀርቷልና።
ሚዙሪን ስትሻገር ሰዓት አንድ ወደ ኋላ ይላል፤
ቬርነን ይህችንም «ትርፍ» ብሎ ከደብተሩ ያሰፍራል።

አንድ ማታ ጠየቅሁት፦ «ሥጋው ላይበላ፣ ቆዳው ላይረባ፣ ለምን?»
ሚዛኑን አየ። እኔን አየ።
«ሣሩ ለላም ነው» ብሎ ተወው፤ እሱም ራሱ ሳያምን።

ግንቦት ሲገባ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ወይዘሮ ክናፕ ደወለች።
«ቬርነን፣ አትምጡ» አለች።
«ቁንጫ ነው። ወረርሽኝ። ሦስት ሳምንት አልሞላም፤
ከአጥሩ እስከ ጅረቱ ድረስ አንድም የሚጮህ የለም።
ኬኩን ግን አልጠላም።»

አምስት መቶ ጥይት ተደርድሮ መብራቱ ሥር ሲያብረቀርቅ፣
እኛ አራት ወር ሙሉ በሚዛን፣ በመነጽር ስንጨነቅ፣
ቁንጫ ያለ ፈቃድ ወረቀት፣ ያለ ደብተር፣ ሳትታወቅ
ጨርሳው ሄደች።
«ታዲያ ይቅር?» አልሁት።
ቬርነን እስክሪብቶውን ላሰ። «ጥይት» የሚለውን ሰረዘ።
ሌላውን ሁሉ እንዳለ ተወው።

ሰኔ ላይ ሄድን። ጠመንጃው ቀረ፤ ኬኩ ተቀመጠ መሀላችን።
ወይዘሮ ክናፕ ደጇ ላይ ቆማ፣ ቢላዋ ይዛ ጠበቀችን።
ከዚያ ሜዳው። ሺህ ጉድጓድ፣ አፉን እንደከፈተ፣
የተበተነ ችሎት፣ ባለጉዳዩ የሞተ።
መነጽሩን ያዝሁ። «ነፋሱስ?» አለኝ፣ ከልማድ።
«ከምዕራብ፣ ለስለስ ያለ» አልሁት። ከሩቅ፣ ከአንዱ ጉድጓድ
ጉጉት ብቅ አለች፣ ቀጫጫ፣ ባለ ረጅም እግር፣
ባዶ ቤት እንዳገኘ ተከራይ፣ አንገቷን ዙሪያውን ስታዞር።

«አየሃት?»
«አየኋት» አለ፣ ወደ ሌላ ቦታ እያየ።
ያቺን ትርፍ ሰዓት እዚያው ጨረስናት፣
ማናችንም ሳንነሳ፣ ነፋሱም ሣሩ ላይ እየቆየ።